ለሚጠብቀው ፊደል ምልክት ይደረግለት

«ዶሮው ይበላል» የሚል ዐረፍተ ነገር በወረቀት ላይ ተጽፎ ብታገኙ ምን ትረዳላችሁ? ዶሮው ጥሬ እየለቀመ ነውን? ወይስ ታርዶ፣ ወጥ ተሠርቶ ሊቀርብ ነው? ፊደሎቹ ይህን አይነግሩንም። በአፍ ሲነገር ግን ልዩነቱን የሚስት የለም። «በ» እና «ላ» ላልተው ሲነገሩ ዶሮው በላተኛ ነው፤ ጠብቀው ሲነገሩ ደግሞ ዶሮው ራሱ ምግብ ሆነ ማለት ነው። ነገሩ ለእኛ ቀልድ ቢመስልም ለዶሮው የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

ቋንቋችን እንዲህ ያለውን የድምፅ መጥበቅና መላላት በየንግግሩ ይጠቀምበታል፤ ጽሕፈታችን ግን አያሳየውም። በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማሳሰብ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። ይኸውም ለሚጠብቀው ፊደል የሚሆን ምልክት በኮምፒዩተር ውስጥ ከተቀመጠ ብዙ ዓመት ሆኖታልና፣ ቢያንስ ቢያንስ በትምህርት መጻሕፍት፣ በመዝገበ ቃላትና እንደዚህ ባሉ የትምህርት ቤት መጽሔቶች ላይ ለአሻሚ ቃላት እንጻፈው የሚል ነው።

ምልክቱ በፊደሉ ራስ ላይ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ትንንሽ ነጥቦች ናቸው። ከዚህ ቀጥሎ በምጽፋቸው ቃላት ላይ ነጥቦቹ ከታያችሁ አታሚው ተሳክቶለታል ማለት ነው፤ በነጥቦቹ ፈንታ ባዶ ሳጥን ከታያችሁ ደግሞ ወደ ኋላ የማነሣው ችግር እዚሁ ደርሶብናል ማለት ነው። «ገና» ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ «ገና፟» ግን የልደት በዓል ነው። «መላ» ዘዴ ነው፤ «መላ፟» ሁሉም፣ በሙሉ ማለት ነው። «ሰፊ» ልብስ የሚሰፋ ባለሙያ ነው፤ «ሰፊ፟» ጠባብ ያልሆነ ነው። «አለ» ተናገረ ነው፤ «አለ፟» ይገኛል ነው። «ይመታል» ያልነው ሰው ዱላ ይዟል፤ «ይመ፟ታ፟ል» ያልነው ሰው ግን ዱላው የሚያርፍበት ነው። እንዲህ ያለ ቃል በክስ ወረቀት ላይ ቢጻፍ መቺና ተመቺ ቦታ ሊለዋወጡ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኔ ቀልድ ብቻ ያልሆነበት ምክንያት አለኝ። የአጎቴ ልጅ ከመቂ አካባቢ ወደ አዳማ መጥቶ ከእኛ ቤት ተቀምጦ ይማራል። አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ በሒሳብና በፊዚክስ ብዙዎቻችንን ይበልጠናል። አንድ ቀን በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተነሥቶ እንዲያነብ ታዘዘና «ዋና ከተማ» የሚለውን «ና»ን አላልቶ አነበበው። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪም፣ «የዋና ከተማስ ሶደሬ ናት!» ሲል ሣቁ ባሰ። የሶደሬ መዋኛ ለአዳማ ልጅ የታወቀ ስለ ሆነ ቀልዱ ሳምንት ሙሉ ሲዞር ሰነበተ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአጎቴ ልጅ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ልጁ ያጠፋው ነገር የለም። በመጽሐፉ ላይ የተጻፉትን ፊደሎች አንድ በአንድ አንብቧል። ያልተጻፈውን ነው ያላነበበ። ያልተጻፈን ነገር ማንበብ የሚችል ደግሞ ቃሉን አስቀድሞ ከእናቱ አፍ የሰማ ሰው ብቻ ነው። ታዲያ መጽሐፍ የተጻፈው ቃሉን ለሚያውቀው ብቻ ነውን? ለማያውቀውስ ሊያስተምር አይደለምን?

የሚያስገርመው ነገር፣ በክፍላችን ውስጥ ስለ መጥበቅና መላላት የማያውቅ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። በቁቤ አፋን ኦሮሞ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ቁቤ በ1984 ዓ.ም. የአፋን ኦሮሞ መጻፊያ ሆኖ ሲወሰን፣ የሚጠብቅ ድምፅ ፊደሉ ሁለት ጊዜ እንዲደረደር፣ የሚረዝም አናባቢም እንዲሁ እንዲደገም ሆኖ ነው። «ሶዳ» የሚለው የአፋን ኦሮሞ ቃል «ዳ» ሲላላ ፍርሃት ነው፤ ሲጠብቅ አማች ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው የሚል ቢኖር ያገቡ ሰዎች ይፍረዱ፤ በቁቤ ግን አንዷ ፊደል በመጨመሯ ይለያያሉ። የሻሸመኔን ስም እንኳ ብንመለከት፣ በቁቤ ሲጻፍ የ«ነ» ድምፅ ፊደል ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ግን አንዲት «ኔ» ብቻ ትታያለች።

ቁርኣን የሚቀሩ ጓደኞቻችንም ያውቁታል። በዐረብኛ «ሸዳ» የምትባል ትንሽ ምልክት በፊደሉ ላይ ስትቀመጥ ያ ፊደል ጠብቆ ይነበባል። በቤተ ክርስቲያን ንባብ ቤት ያለፉትም ያውቁታል፤ መምህሩ «ይጠብቃል»፣ «ይላላል» እያለ ስንት ጊዜ አርሟቸዋል! እንግዲህ የቁቤው ተማሪ፣ የቁርኣኑ ተማሪና የንባብ ቤቱ ተማሪ በአንድ ዴስክ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሦስቱም የሚያውቁት ነገር በአማርኛ መጽሐፋቸው ላይ ብቻ ቦታ አላገኘም።

በእንግሊዝኛ ትምህርትም ቢሆን ነገሩ አዲስ አይደለም። በመዝገበ ቃላት ውስጥ ከየቃሉ አጠገብ የምናያቸው እንግዳ የሚመስሉ ፊደሎች የዓለም አቀፉ የድምፅ ፊደል ምልክቶች ናቸው። ይህን ፊደል ያወጣው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1886 በፓሪስ ሲቋቋም፣ አቋቋሚዎቹ ፖል ፓሲ በሚባል ፈረንሳዊ የሚመሩ የቋንቋ መምህራን ነበሩ። ሐሳባቸውም የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከአነጋገሩ ጋር ስለማይስማማ ተማሪው እንዳይሳሳት በትክክል የሚያነብበት ፊደል እንዲያገኝ ነበር። በዚያ ፊደል የሚረዝም ወይም የሚጠብቅ ድምፅ ሲኖር ጫፍ ለጫፍ የተፋጠጡ ሁለት ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ከኋላው ይደረጋሉ። የእኛ ፊደል አናባቢውን ከተነባቢው ጋር አስሮ ስለሚያሳይ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለንባብ የታመነ ነው። መጥበቅ ግን ከሚደብቃቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው።

ታዲያ ለምን አልተጻፈም? አንዱ ምክንያት መሣሪያው ይመስለኛል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና አኃዞቹ ገና አልተቆጠሩም። የጽሕፈት መኪና ግን ቁልፎቹ ጥቂት ናቸው። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ቀደምት ኢትዮጵያውያን ይህን ሁሉ ፊደል በጥቂት ቁልፍ ለመጻፍ ስንት እንደ ደከሙ ማሰብ ነው። በዚያን ጊዜ «ደግሞ የጥብቀት ነጥብ ጨምሩበት» ማለት በደከመ አህያ ላይ ጭነት መጨመር በሆነ ነበር።

ኮምፒዩተር ከመጣ በኋላም ቢሆን ሥራው ወዲያው አልቀለለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እነ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ በአሜሪካ ሆነው የግዕዝን ፊደል በኮምፒዩተር ለመጻፍ ከደከሙት መካከል ነበሩ። ዳሩ ግን በዚያን ዘመን እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሎቹ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ውጥንቅጥ ይሆን ነበር። ይህ መከራ የእኛ ብቻ አልነበረም። የአውሮጳ የድምፅ ሊቃውንትም ምልክቶቻቸው በኮምፒዩተር ስላልተገኙላቸው፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ተራ የኪቦርድ ፊደላትንና ቁጥሮችን በምልክቶቹ ፈንታ የሚጠቀሙበት «ሳምፓ» የሚባል ዘዴ አወጡ። በላቲን ፊደል አማርኛ ለወዳጁ የጻፈ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል።

መፍትሔው የመጣው ከዩኒኮድ ነው። ዩኒኮድ ማለት ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንዳንድ ቁጥር የሚሰጥ፣ ኮምፒዩተሮች ሁሉ የሚስማሙበት መዝገብ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በሦስተኛው እትም ገባ፤ ለአፋን ኦሮሞ ድምፅ የተሠራው «ዸ»ም አብሮ ገባ። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው 4.1 እትም እነዚህ ሁለት የጥብቀት ነጥቦች የራሳቸውን ቁጥር አገኙ፤ ቁጥራቸውም 135ኤፍ ነው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ምልክቱ የተመዘገበው እኔ ሳልወለድ ነው፤ እኔም በአንድ የትምህርት መጽሐፍ ላይ ተጽፎ አላየሁትም።

የነጥቦቹ አሠራር ቀላል ነው። ለያንዳንዱ ፊደል ሌላ ባለ ነጥብ ፊደል አያስፈልግም። አስቀድሞ ፊደሉ ይጻፋል፤ ቀጥሎ ምልክቱ ሲጻፍ ከፊደሉ ራስ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል። ማይክሮሶፍት ወርድ በሚባለው ፕሮግራም ለመጻፍ የፈለገ ሰው፣ ከሚጠብቀው ፊደል ቀጥሎ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ 135 የሚለውን ቁጥርና የላቲኑን «ኤፍ» ይጻፍ፤ ከዚያም «ኦልት»ንና «ኤክስ»ን በአንድነት ይጫን። ቁጥሩ ይጠፋና ነጥቦቹ ይወጣሉ። በምጠቀምበት ስልክ ኪቦርድ ላይ ምልክቱን አላገኘሁትም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ገልብጬ በማስታወሻ አስቀምጬው በፈለግሁ ጊዜ ከዚያ እወስደዋለሁ። ይህ ግን ውኃ ከጎረቤት እየቀዱ እንደ መኖር ነው። ኪቦርድ የሚሠሩ ሰዎች አንዲት ቁልፍ ቢሰጡት ችግሩ ያልቃል።

መጻፉ ከተቻለ በኋላ ደግሞ መታየቱ አለ። ኮምፒዩተሩ ቁጥሩን ያውቃል እንጂ ቅርጹን የሚሥለው ፎንት ነው። ፎንቱ ምልክቱ ከሌለው ባዶ ሳጥን ያወጣል። ጎግል «ኖቶ» ብሎ ለሰየመው የፎንቶች ስብስብ ስም መነሻ የሆኑት እነዚሁ ሳጥኖች ናቸው። «ቶፉ» በሚባለው አራት ማዕዘን ሆኖ በሚቆረጥ የእስያ ምግብ ስለሚመስሏቸው፣ ስሙ «ቶፉ አይኑር» እንደ ማለት ነው። በከተማችን አንድ የኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት ቤት የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ሳሳትም ነጥቦቼ ሁሉ ሳጥን ሆነው ወጡ። ጸሓፊዋም፣ «ወንድሜ፣ ፋይልህ ቫይረስ ይዞታል» አለችኝ። ቫይረስ አልነበረም፤ ፎንት ነበር። አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. በተባለው ነፃ ፎንት ጽፌ በፒ.ዲ.ኤፍ. ባስቀመጥሁት ጊዜ ፎንቱ ከጽሑፉ ጋር ታስሮ ስለ ሄደ በዚያው ቤት፣ በዚያው ማተሚያ ደኅና ሆኖ ወጣ።

አንዳንድ ሰዎች፣ «አማርኛ የሚያውቅ ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ይለየዋል፤ ምን አደከመን?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ የሚያውቅ ይለየዋል። እኔ የምናገረው ግን ለመማር ስለ መጣው ነው። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋ አድርጎ የሚማረው ልጅ ብዙ ነው። በውጭ አገር የተወለዱ ልጆቻችንም አሉ። እነዚህ ሁሉ ከሣቅ በፊት ነጥብ ቢያገኙ ይሻላቸዋል።

ሌሎች ደግሞ፣ «ገጹ ሁሉ ነጥብ በነጥብ ይሆናል፤ ዐይን ያደናግራል» ይላሉ። ይህም ክርክር ክብደት አለው። በኮምፒዩተር ቃል ስንፈልግም ነጥብ ያለውና የሌለው እንደ ሁለት ልዩ ልዩ ቃላት ሊቆጠሩ ይችላሉ። ስለዚህ በጋዜጣና በደብዳቤ ሁሉ ይጻፍ አልልም። ዐረቦች በጋዜጦቻቸው ላይ አብዛኞቹን የንባብ ምልክቶች ይተዋሉ፤ በቁርኣንና በሕፃናት መጻሕፍት ላይ ግን ይጽፏቸዋል። እኛም እንዲህ ልናደርግ እንችላለን። አዲስ ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በትምህርት መጽሐፍ ሲገባ፣ ወይም ቃሉ በሁለት ወገን የሚነበብ ሲሆን ይጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ይቅር።

ሐሳቡም የእኔ የልጅነት ፈጠራ አይደለም። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፋቸው በሚጠብቁ ፊደሎች ላይ ነጥብ አድርገው ነበር። በመጽሐፉ ስንቶቻችን ተደስተናል! ነጥቦቹን ግን ልብ ብለን ሳናያቸው አለፍን፤ ከእርሳቸው በኋላም ልማድ ሆኖ አልተያዘም። እርሳቸው በእርሳስ ፊደል ዘመን ከደከሙበት፣ እኛ ቁልፍ በመጫን የሚሆነውን እንዴት እንተወዋለን?

ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ልናስበው የሚገባን ወገን አለ። ዐይነ ስውራን ተማሪዎች ዛሬ ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም መጽሐፍ ሊሰሙ ይችላሉ። ፕሮግራሙ ግን «ይመታል» የሚለውን ሲያገኝ መቺውን ይሁን ተመቺውን ከፊደሉ ሊያውቅ አይችልም፤ በግምት ያነባል። የሚያየው ተማሪ ግር ቢለው ተመልሶ ገጹን ያያል፤ የሚሰማው ተማሪ ግን የተነገረውን ይዞ ይቀራል። ነጥቡ በጽሑፉ ላይ ቢኖርና ፕሮግራም ሠሪዎችም ቢያስቡበት ግምቱ በቀረ ነበር።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። የአማርኛ መምህሮቻችን በሰሌዳ ላይ አዲስ ቃል ሲጽፉ በሚጠብቀው ፊደል ላይ ሁለት ነጥብ ጣል ያድርጉ፤ በጠመኔ ለመጻፍ ኮምፒዩተር አያስፈልግም። የኮምፒዩተር መምህራችን ምልክቱ እንዴት እንደሚጻፍ አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጡን። የትምህርት መጻሕፍትን የሚያዘጋጁ ሰዎች በየምዕራፉ መጨረሻ ባለው የቃላት ፍቺ ይጀምሩት። ወላጆቻችንም በቤት ውስጥ ልጅ ሲያነብ ሲሰሙ ከመሣቅ ይልቅ «ይጠብቃል» ብለው ያርሙት።

እኛ ተማሪዎችም የምንሠራው አለን። በሁለት ወገን የሚነበቡ ቃላትን እየለቀምን መዝገብ እናውጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላልና እያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ሁለት ቃል ቢያመጣ በአንድ ክፍል ብቻ መቶ ቃል ይሞላል። ቃላቱን ከነነጥባቸው በኮምፒዩተር ለመጻፍ እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ የአጎቴ ልጅም የቁቤውን አጻጻፍ በትይዩ ለማስገባት ቃል ገብቶልኛል። በሚመጣው ዓመት መጽሔት ላይ መዝገቡ እንዲወጣ የዝግጅት ክፍሉ አንድ ገጽ እንዲተውልን ከአሁኑ በአክብሮት እጠይቃለሁ።